ቲሲፒን የሚተካ ነገር አለ? 30 ሰርቨር አንዴ ሲመልስ ድርቅ ይልብኛል

የማታ ፈረቃ (ጎሮ)
ሰላም ለቤቱ። ጎሮ አካባቢ ያለ ዳታ ሴንተር ውስጥ ነው የምሠራው። አንድ ራክ (የሰርቨር መደርደሪያ)፣ ሰርቨሮቹን የሚያገናኝ ባለ 10 ጊጋቢት ስዊች፣ ሁሉም ሊኑክስ። አንዱ ሰርቨር ለ30ዎቹ «ድርሻችሁን አምጡ» ሲላቸው መልሱ ብዙ ጊዜ ወዲያው ይመጣል። አንዳንዴ ግን ድርቅ ይላል። ስለካው ሁሌም 200 ሚሊሰከንድ ገደማ ነው። ኬብል ቀየርኩ፣ ስዊቹን አጥፍቼ አበራሁ፣ ያው ነው። አለቃዬ ትልቅ ስዊች እንግዛ ይላል። እኔ ደግሞ ቲሲፒ (ኮምፒውተሮች ዳታ የሚላላኩበት የተለመደው ደንብ) ለዳታ ሴንተር አይመችም ሲባል አንብቤ ሆማ፣ ሮኪ እና ክዊክ የሚባሉ ሌሎች መላላኪያዎች ላይ ዓይኔን ጥያለሁ። የቱ ይሻለኛል?

አባ ኬብል
ወንድሜ፣ 200 ስትል በሽታውን ራስህ ነገርከን። ሊኑክስ ላይ ቲሲፒ የጠፋ ፓኬት (የዳታ ቁራጭ) እንደገና ከመላኩ በፊት ሰዓት ቆጥሮ የሚጠብቅበት ትንሹ ጊዜ 200 ሚሊሰከንድ ነው። አንድ ራክ ውስጥ ደግሞ የፓኬት ደርሶ መልስ በማይክሮሰከንድ ነው የሚቆጠረው። ጠዋት ከአያትም ከሰሚትም የመጣው ሚኒባስ ሁሉ ጎሮ አደባባይ ላይ ሲጋጠም ታውቀዋለህ። ስዊቹ ላይም 30ው አብሮ ሲመልስ የአንዷ ፖርት ባፈር (ፓኬት ተራ የሚጠብቅበት ማቆያ) ይሞላል፣ የተረፈው ይጣላል። ኢንካስት ይሉታል። ኤንስታት በሚባለው የሊኑክስ ትእዛዝ የቲሲፒ ታይምአውት ቆጣሪውን (ሰዓቱ ስንቴ እንዳለቀ የሚቆጥረውን) ድርቅ ከማለቱ በፊትና በኋላ እየው። አብሮ ከጨመረ ሌላ አትፈልግ።

የለቡዋ
አባ ኬብል ልክ ናቸው። ግን ስለ ሆማ ሳልናገር አላልፍም፣ እወደዋለሁ። የስታንፎርዱ ጆን ኦስተርሃውት እና ባልደረቦቹ በ2018 ያቀረቡት ነው። ሰውየው በ2022 ዳታ ሴንተር ውስጥ ቲሲፒን የምንተካበት ጊዜ ደርሷል ብሎ ጽፏል። ቲሲፒ የሚያየው ማቆሚያ የሌለው የባይት ጅረት ነው፤ ሆማ ግን መልእክትን በመልእክትነቱ ያውቀዋል። መጠኑን ስለሚያውቅ ተቀባዩ ተራ አስከባሪ ይሆናል። ላኪ ጥቂት ብቻ ሳይፈቀድለት ይልካል፣ ለቀሪው «አሁን አንተ ግባ» እስኪባል ይጠብቃል። ለመጨረስ ትንሽ የቀረው ይቀድማል። ባንክ ቤት አንድ ፊርማ ብቻ የጎደለውን ሰው እንደማሳለፍ ነው።

ለሊኑክስ የከርነል ሞጁል (ሲስተሙ ውስጥ የሚጫን ተጨማሪ) አለው። ግን ለቲሲፒ የተጻፈ ፕሮግራምህ እንዳለ አይሄድበትም፣ መነካካት አለበት። ደግሞ ሌሊት 8 ሰዓት ላይ ቢበላሽብህ ማንን ትጠራለህ? ለሙከራ እሺ፣ ደንበኛ ላለበት ራክ አይሆንም።

ቃሊቲ 2
ክዊክን እርሳው። በዩዲፒ (ከቲሲፒ የቀለለ የመላላኪያ ደንብ) ላይ ለኢንተርኔት የተሠራ ነው፣ ያንተን ችግር አይነካም።

ሮኪ ሌላ ዓለም ነው። የኔትወርክ ካርዱ ፕሮሰሰሩን ሳያስቸግር በቀጥታ ከሌላው ሰርቨር ሜሞሪ ያነብባል። ፈጣን ነው፣ አልዋሽም። ግን ፓኬት እንዳይጠፋበት ስዊቹ ሊሞላ ሲል «ቁም!» እንዲል ይደረጋል። ያ «ቁም» ወደ ኋላ እየተቀባበለ ይሄዳል። ቀድሞ የሠራሁበት ቤት አንድ የተበላሸ ካርድ ያለማቋረጥ «ቁም» እያለ ምንም ያላጠፉ ሰርቨሮችን ሁሉ አስቁሞብን ነበር። እስክናገኘው ነጋ። ካርዱም በዶላር ነው፣ እሱን አለቃህ ያስብበት።

አባ ኬብል
ስለዚህ ከቲሲፒ ሳትወጣ ለዳታ ሴንተር የተሠራውን የቲሲፒ ዓይነት፣ ዲሲቲሲፒን ሞክር። የማይክሮሶፍት እና የስታንፎርድ ሰዎች በ2010 ያወጡት ነው፣ ሊኑክስ ውስጥ ከ3.18 ጀምሮ አለ። የተለመደው ቲሲፒ ፓኬት እስኪጠፋበት ይጋልባል። በዲሲቲሲፒ ግን ስዊቹ ወረፋው ገና ከተወሰነ መጠን ሲያልፍ ፓኬቱ ላይ ምልክት ያደርጋል፣ ላኪው ምልክት በተደረገበት ድርሻ ልክ ይቀንሳል። ጥቂት ምልክት ካየ ጥቂት፣ ብዙ ካየ ብዙ።

መጀመሪያ ስዊቹ ላይ ኢሲኤን (ያ ምልክት ማድረጊያ) መከፈቱን አረጋግጥ፣ ካልተከፈተ ልፋትህ ከንቱ ነው። ከዚያ በአይፒ ሩት ትእዛዝ ለውስጥ መስመሩ ብቻ ዲሲቲሲፒን ምረጥ፤ በሁለቱም ወገን መሆን አለበት። ወደ ኢንተርኔት እንዳታወጣው! ከተራው ቲሲፒ ጋርም አንድ ወረፋ ላይ አታደባልቀው፣ አይስማሙም።

የለቡዋ
አንድ ነገር ልጨምር። ላኪዎቹ በጣም ከበዙ እያንዳንዳቸው አንድ አንድ ፓኬት ብቻ ቢልኩም ባፈሩ ይሞላል። ያኔ ዲሲቲሲፒም አያድንህም። ፕሮግራሙ 30ውን አንዴ ከሚጠራ አሥር አሥር አድርጎ ይጥራ።

የማታ ፈረቃ (ጎሮ)
ተመስገን። ቆጣሪው ልክ ድርቅ ሲል ይጨምር ነበር። ስዊቹ ላይ ኢሲኤን ተዘግቶ ነው የከረመው፣ ማንም አልነካውም። ከፍቼ ዲሲቲሲፒ ካደረግኩ ሁለት ሌሊት ሆነ፣ ቆጣሪው ቀጥ ብሏል። የሌሊቱ ባክአፕ ግን በተራው ቲሲፒ በዚያው ወረፋ ስለሚያልፍ እሱ ሲነሳ ትንሽ ይንገራገጫል። ዛሬ ማታ ለብቻው ወረፋ እሰጠዋለሁ። የስዊቹ ግዢ ጥያቄ ለጊዜው መሳቢያ ገብቷል።