የነዳጁ ቧንቧ ቁልፍ በማን እጅ ይሁን?

የአርሊንግተኑ ሾፌር፦
ትናንት ቡና ላይ የጀመርነው ክርክር አልቋጭ ስላለን እዚህ አምጥቼዋለሁ። በሜይ 2021 ኮሎኒያል የሚባለው የነዳጅ ቧንቧ ድርጅት ኮምፒውተሮቹ በሌቦች ተቆለፉና ቧንቧውን ራሱ ዘጋው። ከሂውስተን እስከ ኒውዮርክ ወደብ የሚዘልቅ፣ ለአሜሪካ ምሥራቅ ጠረፍ ከሚያስፈልገው ነዳጅ 45 በመቶ ገደማ የሚያደርስ ቧንቧ ነው። ዓርብ ሜይ 7 ተዘጋ፣ ረቡዕ ሜይ 12 አመሻሽ ላይ መከፈት ጀመረ። ሁለቱንም የወሰነው አንድ የግል ኩባንያ ነው። የእኔ አቋም፦ ያለ መንግሥት ፈቃድ አይዘጋም፣ አይከፈትምም።

ያን ሳምንት ኡበር እየነዳሁ ነበር። ኮለምቢያ ፓይክ አካባቢ አራት ማደያ ዞሬ፣ አራቱም መቅጃው ላይ ፌስታል አጥልቀዋል። አምስተኛው ጋ አንድ ሰዓት ተኩል ተሰለፍኩ። ከፊቴ ያለው ሰውዬ መኪናውን ሞልቶ ሲያበቃ ከኋላ ሦስት ጄሪካን አወጣ። አዲስ አበባ ያለሁ መሰለኝ።

ሂውስተን ነኝ፦
ወንድሜ፣ ንዴትህ ይገባኛል፤ የምትለው ግን አደገኛ ነው። በሌላ ድርጅት መቆጣጠሪያ ክፍል ውስጥ ዓመታት ሠርቻለሁ። ስክሪኑ ላይ የምታየው የግፊት ቁጥር የእውነት ይሁን ሌባ የጻፈው ካላወቅህ ፓምፕ አታስኬድም። ኮሎኒያል ጋ “ገንዘብ ክፈሉ” የሚለው የሌቦቹ ማስፈራሪያ የታየው በእኛ አቆጣጠር ሌሊት 11 ሰዓት ገደማ ነው። ከአንድ ሰዓት ከሩብ በኋላ 5,500 ማይሉ በሙሉ ቆሟል። በዚያ ሰዓት ዋሽንግተን ደውለህ ማንን ልትቀሰቅስ ነው?

የአርሊንግተኑ ሾፌር፦
የተመታው የቢሮው ኮምፒውተር ነው፣ ቧንቧውን የሚያዘው አይደለም። የሒሳብ ሥርዓቱ ስለተበላሸና ማን ስንት እንደወሰደ መቁጠር ስላልቻሉ ነው የዘጉት የሚል ዘገባ ያኔ ወጥቷል። ድርጅቱ ደግሞ እንዳይዛመት ብዬ ነው አለ። ሌቦቹን ግን 75 ቢትኮይን፣ ማለትም 4.4 ሚሊዮን ዶላር ገደማ ለመክፈል አልዘገየም።

አትላንታ፦
ቆይ፣ መንግሥት ስትሉ የትኛውን ነው? ቧንቧ እንዳይፈስና እንዳይፈነዳ የሚቆጣጠረው በትራንስፖርት መሥሪያ ቤቱ ሥር ያለው ፊምሳ ነው። ከሌባ የመጠበቁ ነገር ደግሞ የቲኤስኤ ነው፤ አዎ፣ ኤርፖርት ጫማ ሲያስወልቀን የኖረው ቲኤስኤ። እስከዚያ ወር ድረስ ለቧንቧ ድርጅቶች ያወጣው የደኅንነት መመሪያ “ብትፈጽሙት ደስ ይለናል” ዓይነት ነበር። ጥቃት ሲደርስ በ12 ሰዓት ውስጥ አሳውቁ የሚለው ግዴታ የመጣው ከጥቃቱ በኋላ ነው።

በ2016 ግን አላባማ ውስጥ የዚሁ ድርጅት ቧንቧ ቤንዚን አፍስሶ ሲዘጋ፣ ፊምሳ “የማስነሻ ዕቅድህን በጽሑፍ አምጥተህ ሳላጸድቅልህ አታስነሳም” ብሎ አዘዘ። ሲፈስ ሥልጣን አለ፣ ሲሰረቅ የለም። የሚያንገበግበኝ ይሄ ነው።

ሂውስተን ነኝ፦
እህቴ፣ 2016ን ካነሳሽ ጨርሺዋ። ተፈቅዶ ተነሳ፤ ኦክቶበር 31 ጥገና ላይ ሳሉ መቆፈሪያ ማሽን መታውና ፈነዳ፣ ሰው ሞተ። ማኅተም ቧንቧ አይጠብቅም።

አትላንታ፦
ማኅተም መች አልኩ? ፍተሻ ነው የምለው። ፊምሳ ከጃንዋሪ እስከ ኖቬምበር 2020 የኮሎኒያልን መቆጣጠሪያ ክፍሎች ፈትሿል። ጉድለት ብሎ ከመዘገባቸው አንዱ፣ ቧንቧውን በእጅ ዘግቶ በእጅ ለማስነሳት በቂ ዝግጅት አለመኖሩ ነው። ሌቦቹ የመጡት በሜይ 2021። “986,400 ዶላር ልቀጣህ ነው” የሚለው ደብዳቤ የወጣው በሜይ 2022። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ!

የቦቴ ሾፌር፦
ትንሽ ሒሳብ ልጨምር። ያን ሰሞን ለ17 ስቴቶችና ለዲሲ የነዳጅ ሾፌሮች የሰዓት ገደብ ተነሳልን፤ ጥሩ ነው። የእኔ ቦቴ 8,500 ጋሎን ትይዛለች። ቧንቧው በቀን ከ100 ሚሊዮን ጋሎን በላይ ያደርሳል። ወደ 12,000 ቦቴ መሆኑ ነው፣ በየቀኑ! የጅቡቲን መንገድ ያየ ይፍረደኝ። ደግሞ ተከፈተ ማለት ደረሰ ማለት አይደለም። ነዳጅ ቧንቧ ውስጥ የሚሄደው በሰዓት ከ3 እስከ 5 ማይል ነው፣ እንደ እግረኛ። ከሂውስተን ኒውዮርክ 18 ቀን ገደማ ይፈጅበታል።

ሾፌሩ ወንድሜ፣ አንተን ግን ያሰለፈህ ባለ ሦስት ጄሪካኑ ነው። የሸማቾች ደኅንነት ኮሚሽን እኮ “ቤንዚን በፌስታል አትቅዱ” ብሎ እስከ ማስጠንቀቅ ደርሶ ነበር።

የአርሊንግተኑ ሾፌር፦
ሰውዬው ለምን ቀዳ? መቼ እንደሚከፈት የሚያምነው ሰው ስላልነገረው።

ሂውስተን ነኝ፦
ድርጅቱ ሰኞ ዕለት “በሳምንቱ መጨረሻ አብዛኛው ይመለሳል” ብሎ ነበር።

የአርሊንግተኑ ሾፌር፦
ድርጅቱ አለ! የያኔዋ የኢነርጂ ሚኒስትር ጄኒፈር ግራንሆልም ማክሰኞ ምን አሉ? ድርጅቱ ነገ ማታ ላይ ውሳኔውን ሊያሳውቅ ይችላል ነው ያሉት። ሚኒስትሯም እንደ እኔው ሰልፍ ላይ ነበሩ።

ሂውስተን ነኝ፦
እሺ፣ እዚህ ላይ ያዝከኝ። አንድ ነገር ልጨምርልህ፣ በራሴ ወገን ላይም ቢሆን። ከኖርዝ ካሮላይናዋ ግሪንስቦሮ ወደ ሜሪላንድ የሚሄደውን መስመር 4ን ሰኞ ዕለት በእጅ እያስኬዱት ነበር። ስለዚህ ይቻላል። ችግሩ የሚችለው ሰው እያለቀ መሆኑ ነው። እኔን ያሠለጠኑኝ ሽማግሌ ፓምፑ ቤት ገብተው ቆም ይሉና፣ በድምፁ ብቻ የቱ ቫልቭ በደንብ እንዳልተዘጋ ይነግሩን ነበር። ጡረታ ወጡ፤ በምትካቸው ስክሪን ተገዛ። እኔ ብሆን፣ በዓመት አንዴ ተቆጣጣሪው ቆሞ እያየ አንድ መስመር በእጅ ዘግተው በእጅ እንዲያስነሱ አስገድዳለሁ። ያን ፈተና የወደቀ ድርጅት የመክፈቻውን ቀን ብቻውን አይወስንም።

አትላንታ፦
የፈተናው ውጤትም በዚያው ወር ይፋ ይውጣ። ሁለት ዓመት አይጠበቅም።

የአርሊንግተኑ ሾፌር፦
መዝጋቱን ተውኩላችሁ። በሌሊት የሚቀሰቀስ ባለሥልጣን እኔም አላውቅም። መክፈቱን ግን አልለቅም፤ ፈተናውን ያለፈም ቢሆን ቀኑን ከተቆጣጣሪው ጋር ቆሞ ይንገረን። ቅዳሜ ቡናው እኔ ጋ ነው፣ ቦቴውን ራቅ አድርገህ አቁማት።