የ25 ዓመት አገልግሎት ምስክር ወረቀት ተሰጠኝ፤ ደመወዜ ግን ከአዲስ ተቀጣሪው ያንሳል

ኦፍሴት ኦፕሬተር (አዲስ አበባ)

ጤና ይስጥልኝ። በአንድ የግል ማተሚያ ቤት የኦፍሴት ማሽን ኦፕሬተር ነኝ። የገባሁት ወረቀት ቆጣሪ ሆኜ ነው። ከዚያ ረዳት ሆንኩ፤ አሁን ባለ አራት ቀለሙ ማሽን ላይ ነኝ። በቅርቡ በሥራው 25 ዓመት ሞላኝ።

ድርጅቱ በየአምስት ዓመቱ ለነባር ሠራተኞች ምስክር ወረቀት ይሰጣል። የዘንድሮውን ያተምኩት እኔው ነኝ። ወረቀቱ ወፍራም ነው፤ በካሬ ሜትር 250 ግራም ይመዝናል፤ ጠርዙ ወርቃማ ቀለም አለው። ወርቃማ ቀለም ቶሎ አይደርቅም። ቸኩለህ ከደራረብከው የላይኛው ወረቀት ጀርባ ይቆሽሻል። ስለዚህ ወረቀቶቹ እንዳይነካኩ በመሃላቸው ዱቄት እያስነፋሁ ጥቂት ጥቂት አወጣሁት። ጓደኞቼ ቤታቸው የሚሰቅሉት ነገር ነውና ጥንቅቅ ብሎ እንዲወጣ ፈልጌ ነበር።

የሽልማቱ ዕለት አስቸኳይ የመማሪያ መጽሐፍ ሥራ ነበረ። ማሽኑ መቆም የለበትም ተባልኩ። አዳራሽ ውስጥ ስሜ ሲጠራ እኔ ታች ሥራ ላይ ነበርኩ። በማግስቱ ተላላኪው ምስክር ወረቀቱን ከግድግዳ ሰዓት ጋር አመጣልኝ። ሥራ አስኪያጁ በዚያው ቀን በማሽኔ አጠገብ አልፏል። «እንኳን ደስ አለህ» እንኳ አላለኝም።

ከዚህ በላይ የከነከነኝ ደመወዙ ነው። የደመወዝ እርከኔ ጣሪያ ከነካ ቆይቷል። ከዚያ ወዲህ ለኑሮ ውድነት ተብላ ከምትሰጥ ትንሽ ብር በቀር የተጨመረልኝ ነገር የለም። ዘንድሮ የተቀጠረ አንድ ወጣት ኦፕሬተር አለ። ጎበዝ ልጅ ነው። ደመወዙ ከእኔ ይበልጣል። ቀለሞቹ አልገጥም ሲሉት፣ የውሃውና የቀለሙ መጠን ሲዛባበት የሚጠራው ግን እኔን ነው። በደስታ አሳየዋለሁ። እሱ ላይ ምንም ቅሬታ የለኝም።

ስጠይቅ «ወረቀትና ቀለም የሚገባው በዶላር ነው፤ ከሐምሌ 2016 ወዲህ ወጪው ከብዶናል» ይሉኛል። እውነታቸውን ነው፤ የወረቀቱን ዋጋ እኔም አየዋለሁ። ግን ለአዲሱ የተገኘው ብር ለእኔ ለምን ይጠፋል?

ባለቤቴ «ልቀቅና ሌላ ቦታ ግባ» ትለኛለች። 52 ዓመቴ ነው። ለመሆኑ ረጅም አገልግሎት በሕግ የሚያስገኘው ነገር አለ? ደመወዙንስ ሳልቀያየም እንዴት ልጠይቅ?

የሰው ኃይል ባለሙያ (አዳማ)

ጋሼ፣ እንኳን ለ25 ዓመትዎ አደረሰዎ። በመጀመሪያ ማለት የሚገባው ይሄ ነበር።

ወደ ጥያቄዎ ስመጣ፣ የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 አሠሪው ለረጅም አገልግሎት ሽልማት እንዲሰጥ አያስገድድም። የሚሸለም ሰዓትም ሆነ ወርቅ የሚመጣው ከኅብረት ስምምነት (አሠሪውና የሠራተኛ ማኅበሩ ከሚፈራረሙት ውል) ወይም ከድርጅቱ የውስጥ ደንብ ነው። የሠራተኛ ማኅበር ካላችሁ የኅብረት ስምምነቱን ኮፒ ይጠይቁና ራስዎ ያንብቡት። እኔ የማውቃቸው ብዙ ሠራተኞች በስምምነታቸው ላይ የተጻፈላቸውን ነገር አያውቁትም።

ሕጉ ዘመን የሚቆጥርባቸው ቦታዎች ግን አሉ። አንዱ የዓመት ፈቃድ ነው። ለመጀመሪያው ዓመት 16 የሥራ ቀን፣ ከዚያ በየሁለት ተጨማሪ ዓመቱ አንድ ቀን ይጨመራል። በነገራችን ላይ የቀድሞው አዋጅ 377/96 የሚነሳው ከ14 ቀን ነበር፤ የሚጨምረው ግን በየዓመቱ ነው። ስለዚህ አዲሱ ሕግ ለጀማሪ ተሻለ፤ ዓመት ለቆጠረ ሰው ጭማሪውን አዘገየበት። ይሄ ነገር ሁሌም ያሳዝነኛል።

ሌላው የስንብት ክፍያ ነው። አምስት ዓመትና ከዚያ በላይ ያገለገለ ሠራተኛ በራሱ ፈቃድ ቢለቅም፣ የሥልጠና ውል ግዴታ ከሌለበት ክፍያው ይገባዋል። ለመጀመሪያው ዓመት የ30 ቀን ደመወዝ ነው። ለእያንዳንዱ ተጨማሪ ዓመት የዚያ አንድ ሦስተኛ እየተጨመረ ይሄዳል፤ ጣሪያው የ12 ወር ደመወዝ ነው። ለ25 ዓመት ስናሰላው የዘጠኝ ወር ደመወዝ ገደማ ይመጣል። ልብ ይበሉ፣ ስሌቱ የሚሠራው በመጨረሻው ሳምንት አማካይ ደመወዝ ነው። ዛሬ ደመወዝዎ ዝቅ ብሎ ከቆየ ያ ገንዘብም አብሮ ዝቅ ይላል። ስለዚህ መጀመሪያ ጭማሪውን ይጠይቁ፤ መልቀቁን ከዚያ በኋላ ያስቡበት።

ሂሳብ ሠራተኛ (ባሕር ዳር)

ወንድሜ፣ ጽሑፍህን ሳነብ እንባዬ መጣ። ከወርቁም ከሰዓቱም በላይ ሰው የሚፈልገው መታየትን ነው።

ድሮ የሠራሁበት ድርጅት ውስጥ አንድ አለቃ ነበሩን። ከሽልማቱ በፊት የየክፍሉን ኃላፊ «ይህ ሰው ምን ሠራ? አንድ ገጽ ጻፉልኝ» ይሉ ነበር። መድረክ ላይ ያንን ራሳቸው ያነቡታል። የእኔ ተራ ሲደርስ፣ አንድ ደረሰኝ ሁለት ጊዜ ሊከፈል ሲል ይዤ ያስቀረሁትን ነገር አነበቡ። እኔ ራሴ ረስቼው ነበር። እናቴ ተጋብዛ ከፊት ወንበር ተቀምጣ ነበር። የተሰጠኝ ወረቀት ብቻ ነው፤ ግን እስከ ዛሬ ኮራ ብዬ አወራዋለሁ። ይህን ለማድረግ ዶላር አያስፈልግም። አንተን ለግማሽ ሰዓት የሚተካ ሰው ማሽኑ ላይ ማቆምም የሚያቅት አልነበረም። በዚህ አጥፍተዋል፤ ይነገራቸው።

አዲስ ተቀጣሪ (አዲስ አበባ)

ጋሼ፣ እኔ በሌላ ድርጅት እንደዚያ ልጅ ነኝ። ስቀጠር የጠየቅኩት የገበያውን ዋጋ ነው፤ ሰጡኝ። አጠገቤ ያለው ነባር ሠራተኛ ከእኔ በታች እንደሚያገኝ የሰማሁት ቆይቼ ነው። በጣም አፈርኩ፤ ግን ምን ማድረግ እንዳለብኝ አላወቅኩም።

አንድ ነገር ልለምንዎት። ሲጠይቁ የልጁን ደመወዝ አያንሱ። «ማን ነገረህ?» ይባልና ነገሩ እሱ ላይ ይዞራል። ይልቅ ሌሎች ማተሚያ ቤቶች ለባለ አራት ቀለም ኦፕሬተር ስንት እንደሚከፍሉ ጠይቀው እሱን ይዘው ይግቡ። ማሠልጠንዎንም ይጻፉ። ያ ራሱን የቻለ ሥራ ነው፤ ክፍያ ይገባዋል።

ኦፍሴት ኦፕሬተር (አዲስ አበባ)

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ስለ ልጁ የተባለው ትክክል ነው፤ ስሙንም ደመወዙንም አላነሳም። በሁለት ማተሚያ ቤቶች የሚሠሩ ጓደኞቼን ጠየቅኩ። የሁለቱም ከእኔ ይሻላል። የኅብረት ስምምነታችንንም አገኘሁት። የእርከን ጣሪያ የደረሰ ሠራተኛ ጉዳይ «በማኔጅመንቱና በማኅበሩ በጋራ ይታያል» የሚል አንቀጽ አለው። እኔ እስካለሁ ድረስ ታይቶ አያውቅም።

መልቀቁን ለጊዜው ትቼዋለሁ። ማሽኑን እወደዋለሁ፤ ሥራውንም እወደዋለሁ። አንድ ጥያቄ ብቻ፦ ደብዳቤውን በራሴ ስም ልጻፍ ወይስ በማኅበሩ በኩል ይሂድ?

የሰው ኃይል ባለሙያ (አዳማ)

በራስዎ ስም ይጻፉና ለማኅበሩ ግልባጭ ያድርጉ። አንቀጹን በቁጥሩ ይጥቀሱ። በቃል ብቻ እንዳይቀር መዝገብ ቤት ገቢ ያስደርጉት፤ በእጅዎ በሚቀረው ኮፒ ላይ ቀንና ማኅተም ያስመቱ። እግረ መንገድዎን የአገልግሎት ማስረጃም ይጠይቁ። የሥራውን ዓይነት፣ የቆዩበትን ዘመንና ደመወዝዎን የሚገልጽ ወረቀት ነው። ሠራተኛ በጠየቀ ጊዜ ሁሉ፣ ባይለቅም፣ አሠሪው በነጻ የመስጠት ግዴታ አለበት። ሌላ ቦታ ለመወዳደር ቢያስቡ ከምስክር ወረቀቱ ይልቅ የሚጠቅምዎ እሱ ነው።