«ባለቤቴ» ልበላት ወይስ «ጓደኛዬ»?

ጥያቄ፦ ሳንጋባ አብረን መኖር ከጀመርን አራት ዓመት ሆነን። ባለፈው እሑድ ለቅሶ ቤት አንዲት እናት «ይቺ ማን ናት ልጄ?» ሲሉኝ፣ ሽማግሌ ሳልልክ «ባለቤቴ» ማለት ከበደኝ፣ «ጓደኛዬ» ማለትም እሷን ማሳነስ መሰለኝና ዝም አልኩ፤ ፊቷ ሲለወጥ አየሁ። ምን ልበላት?

መልስ፦ ወንድሜ፣ «ፍቅረኛዬ» በታላላቆች ፊት ከአፍ አይወጣም። ለመጋባት ቃል ከተገባባችሁ ግን «እጮኛዬ» ያስከብራታል።

መልስ፦ በ1992 ዓ.ም. የወጣው የቤተሰብ ሕግ እንኳ «እንደ ባልና ሚስት አብሮ መኖር» ብሎ ኑሮውን ገለጸ እንጂ ለሰዎቹ አንድ መጠሪያ አላወጣም። እናቴ አባቴን እስከ ዛሬ «የልጆቼ አባት» ትለዋለች፤ እናንተም መጠሪያውን አብራችሁ ምረጡ።

ጠያቂው፦ ማታ ጠየቅኋት፤ «እጮኛዬ» እንድላት ፈቅዳለች።