ብሉዝ ስጫወት ሁሉም «አሪፍ ነው» ይለኛል፤ እውነተኛ አስተያየት እንዴት ላግኝ?

የሳቢያኑ (ጠያቂ)
ሰላም ለሁላችሁ። ድሬዳዋ ነኝ። ሃርሞኒካ ከጀመርኩ ዓመት ከአራት ወር ሆነኝ። ያለኝ ባለ 10 ቀዳዳ የሲ (በሲ ድምፅ የተቃኘ) ሃርሞኒካ ነው፤ ብሉዝ እየነፋሁ በመሃል እዘፍናለሁ። ቀድቼ ለጓደኞቼ ስልክላቸው «አሪፍ ነው» ይላሉ፣ አለቀ። በቀደም ከዚራ ዛፍ ስር ቁጭ ብለን አንዱ ሰምቶኝ «ሃርሞኒካው ይሁን፣ ዘፈኑን ግን ተወው» አለኝ። ለምን ስለው «እንዲሁ አይጥምም»። ይኸው ሁለት ሳምንት አልዘፈንኩም። አሁን ደግሞ ገና ሦስት ወሩ የሆነ የሰፈር ልጅ ቀድቶ ልኮልኝ «እውነቱን ንገረኝ» ይለኛል። ቤንዱ (በአፍና በትንፋሽ ድምፁን ዝቅ ማድረጉ) ከልክ በላይ ይወርድበታል። እኔን የጎዳኝን ዓይነት ንግግር ልደግምበት አልፈልግም። ምን ልበለው?

የለገሃሬዋ
አቦ ዘፈኑን እንዳትተው! «እንዴት ነው?» ብለህ ከጠየቅክ ሰው «አሪፍ ነው» ነው የሚልህ፣ ሌላ ምን ይበል? ጥያቄህን አጥብበው። «ከሃርሞኒካው ወደ ዘፈን ስገባ ድምፄ ይታፈናል?» በል። ደግሞ የ12 ባሩን (ብሉዝ እየደጋገመ የሚዞርበትን ባለ 12 ክፍል) አንድ ዙር ብቻ ላክ፤ ስድስት ደቂቃ ሙሉ በጥሞና የሚሰማልህ የለም።

የጀጎሉ
ከሐረር ነኝ። የዘፈኑ ችግር ከትንፋሽህ ይመስለኛል። በሲ ሃርሞኒካ ብሉዝ ስትጫወት ዘፈኑ አብዛኛውን ጊዜ በጂ (መነሻ ድምፁ ጂ ሆኖ) ነው የሚሆነው፣ ዋና ዋናዎቹ ድምፆች ደግሞ አየር ወደ ውስጥ ስትስብ ነው የሚወጡት፤ ስለዚህ ዙሩ ሲያልቅ ሳንባህ ጢም ብሎ ይሞላና በዚያው ስትዘፍን ጉሮሮህ ይጨነቃል። መግቢያው ላይ ትንሽ ዝም በልና በአፍንጫህ አስወጣው። እኔ ይቺን እስካውቅ ሁለት ዓመት ፈጅቶብኛል። ጂ ከፍ ካለብህም የኤ ሃርሞኒካ ፈልግ፣ ዘፈኑ ወደ ኢ ይወርድልሃል።

ገንደ ቆሬ
እኔ ደግሞ ለልጁ ፊት ለፊት ንገረው ባይ ነኝ። ሲያባብሉኝ ነው ዓመት ያባከንኩት።

የለገሃሬዋ
ፊት ለፊት ይሁን፣ ግን ቦታውን እያሳየ! «ቤንድህ መጥፎ ነው» ቢለው ልጁ ምኑን ያስተካክል? 3 ቁጥር ቀዳዳ ሲሳብ ቢ ነው፣ በቤንድ ደግሞ ሦስት ግማሽ ድምፅ (ኪቦርድ ላይ ጥቁሩም ተቆጥሮ ሦስት ቁልፍ) ድረስ ይወርዳል። የብሉዝ ጣዕሙ ያለው ከቢ ትንሽ ዝቅ ብሎ ነው፤ ልጁ ምናልባት ኤ ድረስ እየወረደ ይሆናል። «አርባኛው ሰከንድ ላይ 3ን ስትስብ ብዙ ወረድክ፣ ከኪቦርድ ጋር እያስተያየህ ሞክረው» በለው። ምቱን ጠብቆ ከሆነ ደግሞ መጀመሪያ እሱን ንገረው፣ እውነት ስለሆነ። በአንዴ ከአንድ ነገር በላይ አታሸክመው።

የጀጎሉ
አንድ ነገር ልጨምር። ጆሯችን ያደገው በትዝታ ነው። የጂ ሜጀር ትዝታ ጂ፣ ኤ፣ ቢ፣ ዲ፣ ኢ ነው፤ ብሉዝ ቢን አጎንብሶ የሚያወጣት ዝቅ ያለችው ድምፅና ኤፍ እዚያ ውስጥ የሉም። ስለዚህ አንዳንዱ ሰው ስህተት ነው የሚለው ራሱን ብሉዙን ነው። ግን አንተ በዚህ አትከለል። አስተያየት ሲሰጥህ አታስረዳ፣ ጻፈውና በማግስቱ ቅጂህን መልሰህ ስማ። ሦስት ሰው አንድ ቦታ ላይ ከጠቆመህ ችግሩ እዚያ አለ።

ገንደ ቆሬ
ስኳር የበዛበት ሻይ እንደጠጣህ ወይ ጫት እየቃምክም አትንፋ። ውስጥ ያሉት የብረት ምላሶች ይያያዛሉ፣ ከዚያ ጥፋቱን በራስህ ታላክካለህ።

የሳቢያኑ (ጠያቂ)
ኑሩልኝ! ቅጂዬን አሁን መልሼ ሰማሁት። የጀጎሉ ልክ ነው፣ የመጀመሪያዋ ስንኝ ብቻ ናት የምትታፈነው፣ ሁለተኛዋ ላይ ድምፄ ይከፈታል። ዛሬ ማታ ስልኩን ሁለት ሜትር ርቄ አስቀምጬ አንድ ዙር እቀዳለሁ። ጥያቄዬ «መግቢያው ላይ ትንፋሼ ተለቀቀ ወይስ አልተለቀቀም?» ነው። ለልጁም አርባኛውን ሰከንድ ጽፌ ልኬለታለሁ፤ «ምቱ ግን ቆንጆ ነው» ብዬዋለሁ፣ ነውም።