ናይትራይቱ አልቆይ አለን

ሰላም ለሁላችሁ። በአንድ የፕላስቲክ ፋብሪካ ጥገና ክፍል ነው የምሠራው። መቅረጫ ማሽኖቹን የሚያቀዘቅዘው ውኃ በዝግ መስመር ይዞራል፤ 6 ሜትር ኩብ ገደማ ነው፣ ቧንቧው ተራ ጥቁር ብረት። ለዝገት መከላከያ ሶዲየም ናይትራይት እንጨምራለን፤ 800 ፒፒኤም (በሚሊዮን እጅ ውኃ 800 እጅ) ላይ አድርሰነው በወሩ ስንለካ 150 እንኳ አይሞላም። ደጋግመን ብንሞላውም ያው ነው።

ያፈሳል እንዳልል ኮንዳክቲቪቲው (በሟሟው ጨው መጠን የሚወሰነው የውኃው ኤሌክትሪክ የማስተላለፍ አቅም) ንቅንቅ አላለም፣ የመሙያ ቆጣሪውም አልዞረም። ናይትሬት ግን ጨምሯል፤ ፒኤች 8.6 ላይ ነው። ማጣሪያውን ስከፍተው ጣት ላይ የሚያሙለጨልጭ ቡናማ ዝቃጭ ተጋግሮበታል፣ ሲጠረግ ከሥሩ ብረቱ ምስር በሚያህሉ ጉድጓዶች ተበልቷል። ባክቴሪያ ናይትራይቱን ወደ ናይትሬት እየለወጠው ነው ባይ ነኝ።

አለቃዬ «ክሎሪን ጨምርበት» ይላሉ። ክሎሪን ራሱ ናይትራይቱን ወደ ናይትሬት ስለሚለውጠው አልተዋጠልኝም (ለእሳቸው ማስረዳቱ ሌላ ሥራ ነው)። ግሉታራልዴይድ የሚባለው ሌላ ባክቴሪያ ገዳይ ግን በእጃችን አለ።

እንዲህ ዓይነት መስመር አክማችሁ የምታውቁ ካላችሁ፦ ግሉታራልዴይዱን አሁን ባለው ውኃ ላይ ጨምሬ ካዞርኩት በኋላ ናይትራይቱን ብመልስ ይበቃል፣ ወይስ መጀመሪያ ውኃውን በሙሉ አፍስሼ ዝቃጩን ማጠብ አለብኝ?