የቤተሰብ ቪዲዮ በቤት ዋይፋይ እንዴት ለሁሉም ይድረስ?

የቀበናዋ፦
ሰላም ለሁላችሁ። የቤተሰባችን ፎቶና ቪዲዮ በሙሉ ያለው አንድ ሀርድ ዲስክ ላይ ነው። ነፍሱን ይማረውና አባቴ ሲመርቅ የሚታይበት የወንድሜ ሠርግ፣ እናቴ ከካሴት ያስገለበጠቻቸው መዝሙሮች፣ ሁሉም እዚያ ነው። የምንኖረው አንድ ግቢ ነው፤ ዲስኩ ግን ከክፍል ክፍል ሲዞር ይውላል። አንድ ቀን ወድቆ እንዳናጣው እሰጋለሁ። እናቴ ሳሎን ቲቪ ላይ፣ እኛ በስልካችን ማየት እንችላለን? ኢንተርኔታችን በፓኬጅ ስለሆነ እንዳይበላብን። መብራትም ይጠፋል። ያለኝ አንድ የቆየ ላፕቶፕ ነው።

ሳሪስ አቦ፦
ነፍስ ይማር እህቴ። ለማየቱ ላፕቶፑ ይበቃሻል፤ ለዚህ ሌላ ዕቃ አትግዢ። ጄሊፊን የሚባል፣ ቪዲዮና ፎቶ በቤት ዋይፋይ ወደ ስልክና ቲቪ የሚያደርስ ነፃ ፕሮግራም ጫኚበት። ዲስኩን ሰክተሽ ፎልደሮቹን ምረጪለት። ከዚያ በስልካችሁ ብራውዘር የላፕቶፑን አይፒ አድራሻ (በቤቱ ዋይፋይ ላይ የሚታወቅበትን ቁጥር)፣ ሁለት ነጥብ (:)፣ 8096 ብላችሁ ትገባላችሁ። ቲቪው አንድሮይድ ከሆነ አፕ አለው። ለእናትሽ የሚሻለው እሱ ነው፤ በሪሞት ብቻ ትከፍተዋለች።

ፓኬጁን አትስጊ። ቪዲዮው ከላፕቶፑ ወደ ራውተሩ (ዋይፋይ ወደሚሰጠው ሳጥን)፣ ከዚያ ወደ ቲቪው ነው የሚሄደው፤ ከግቢ አይወጣም። ኢንተርኔት ቢቋረጥም ራውተሩ እስከበራ ይሠራል። መብራት ድንገት ሲጠፋም ላፕቶፑ በባትሪው ይቆያል። ዲስክሽ በዩኤስቢ ብቻ የሚሠራው ትንሹ ከሆነ አብሮ ይተርፋል። የራሱ ቻርጀር ያለው ትልቁ ከሆነ ግን ወዲያው ነው የሚጠፋው፤ ዲስክ የሚጎዳውም እንዲህ ያለው ነገር ነው።

ካሜራማኑ፦
የሠርግ ቪዲዮ ስለሆነ አንድ ነገር ልጨምር። ከዲቪዲ የተገለበጠ ከሆነ ብዙ ስልክና ቲቪ እንዳለ አያጫውተውም። ላፕቶፑ እያጫወተ ቪዲዮውን እነሱ ወደሚያነቡት ዓይነት መቀየር አለበት፤ የቆየ ከሆነ ይንቀረፈፋል። ሃንድብሬክ በሚባለው ነፃ ፕሮግራም አንዴ ብዙ ስልክና ቲቪ ወደሚያጫውተው ኤምፒ4 ወደሚባል የቪዲዮ ዓይነት ቀይሪው። ዋናውን ግን እንዳታጠፊ፣ ሲቀየር ጥራቱ ትንሽ ይቀንሳል።

ሳሪስ አቦ፦
ልክ ነው። እህቴ፣ ከሁሉም በፊት ግን ሁለተኛ ዲስክ ግዢና ሁሉንም ገልብጪ። ሌላ ዘመድ ቤት ይቀመጥ። ዋይፋዩ ለማየት ነው እንጂ ዲስኩ ከተበላሸ አይመልስልሽም። የአባትሽ ምርቃት አንድ ቦታ ብቻ መኖር የለበትም።

የቀበናዋ፦
እግዚአብሔር ይስጥልን። ዲስኩ ትንሹ ነው። መጀመሪያ ሁለተኛውን እገዛለሁ። ላፕቶፑ ግን ክዳኑ ሲዘጋ ይተኛል፤ ምን ላድርግ?

ሳሪስ አቦ፦
ዊንዶውስ ከሆነ ኮንትሮል ፓነል ውስጥ የፓወር ምርጫው ላይ ግቢ። ክዳኑ ሲዘጋ ምንም እንዳያደርግ ምረጪ። እንዳይሞቅ ግን አየር የሚያገኝበት ቦታ አስቀምጪው፤ ቁም ሳጥን ውስጥ አይሁን።