ከፓራፊን ብሎክ የወጣ ማይክሮ አር ኤን ኤ፦ ሜላኒኑን በምን ላስወግደው?

ሰላም፣ ሐዋሳ ነኝ፤ እርዳታችሁን እፈልጋለሁ። ማርያም ሳመችው ከምንላቸው የቆዳ ነጥቦች፣ በፎርማሊን ተጠብቀው በፓራፊን ከተቀመጡት፣ ማይክሮ አር ኤን ኤ (የጂኖችን ሥራ የሚቆጣጠር አጭር አር ኤን ኤ) እያወጣሁ ነው። ርዝመቱ 22 ኑክሊዮታይድ ገደማ ስለሆነ ከረጅሙ አር ኤን ኤ በተሻለ ፎርማሊንን ይቋቋማል። ያስቸገረኝ ሜላኒኑ፣ የቆዳው ጥቁር ቀለም ነው።

አየር የነካውን የብሎኩን ፊት ቆርጬ እጥላለሁ። ከዚያ ባለ 10 ማይክሮን 4 ቁራጭ፣ ዛይሊን፣ ኢታኖል 2 ጊዜ፣ ፕሮቲን የሚፈጨው ፕሮቲኔዝ ኬ በ56 ዲግሪ፣ ፎርማሊን ያሰረውን ለመፍታት 80 ዲግሪ ለ15 ደቂቃ፣ ዲኤንኤውን የሚያጠፋው ዲኤንኤዝ፣ በመጨረሻም አር ኤን ኤውን ይዞ የሚያጠራው ኮለም። ሚአር-205 የተባለው ማይክሮ አር ኤን ኤ ከኬራቲኖሳይት (ከላይኛው ቆዳ ሕዋስ) ስለሚመጣ ኤፒደርሚሱን፣ ማለት ላይኛውን ቆዳ፣ አስቀድሜ በመርፌ እፍቃለሁ።

ፈዛዛዎቹ ነጥቦች ጥሩ ይሠራሉ። ከጥቁሮቹ የሚወጣው ፈሳሽ ግን ቡናማ ነው። ለማመሳከሪያ ለሁሉም እኩል የጨመርኩት የትል ሚአር-39 በፈዛዛው ሲቲ (በፒሲአር ምልክቱ የታየበት ዙር፤ ሲያንስ ብዙ ተገኘ ማለት ነው) 20፣ በጥቁሩ 27 ይሰጣል። ጥቁሩን 10 እጥፍ ሳቀጥነው ሲቲው በ3.3 መጨመር ሲገባው ወደ 24 ይወርዳል። ስለዚህ አር ኤን ኤው አንሶ አይደለም፤ ሜላኒን ኢንዛይሙን እያገደው ነው። መጠኑን በብርሃን የሚለካው ናኖድሮፕም አያስተማምንም፣ ሜላኒንም እንደ አር ኤን ኤው 260 ናኖሜትር ላይ ብርሃን ይውጣል።

ማቅጠኑ መፍትሔ እንዳይሆነኝ፣ ከቀለም ሠሪዎቹ ሕዋሳት የሚመጣው የሚአር-211 ሲቲ ከ35 ያልፋል፤ ያን ያህል ከዘገየ አይታመንም። ሃይድሮጅን ፐሮክሳይድ ራሱን አር ኤን ኤውን ስለሚጎዳ አልነካውም።

በሪቨርስ ትራንስክሪፕሽኑ (አር ኤን ኤው ወደ ዲኤንኤ ሲገለበጥ) ላይ አጋጁን እንዲይዝ ቢኤስኤ (የከብት ደም ፕሮቲን) የምትጨምሩ፣ መጠኑ ስንት ነው? በሁለተኛ ኮለም የምታሳልፉስ፣ ትንንሾቹ እንዳያመልጡ ኢታኖሉን ስንት ፐርሰንት ታደርሱታላችሁ? ብሎኮቹ ትንንሽ ናቸው፤ ደጋግሜ ብቆርጥ ለሐኪም ዳግም ምርመራ የሚተርፍ የለም።